ለገሐር በጣና ዳር

ባሕር ዳር ውስጥ ባቡር የለም። ባቡር የሚባል ግን አለ፤ እህል የሚፈጭበት ነው። ጣጣዬ ሁሉ የመጣው ከዚህ ቃል ነው። አዲስ አበባ ለገሐር ስንት ዘመን ሠርቼ ስመለስ፣ «ምን ስትሠራ ኖርህ?» ቢሉኝ «ባቡር ላይ» አልሁ። «ታዲያ ዱቄቱ የታል?» አሉና ሳቁብኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሜ ዱቄቴ ሆኖ ቀረ። እናቴ ያወጣችልኝ ስም አለበል ነው፤ በሱ የሚጠራኝ ጥቂት ነው። ሃዲድ ምን እንደሆነ፣ ፉርጎ ምን እንደሚያህል፣ አንዱ ፉርጎ ከሌላው እንዴት እንደሚቀጠል ላስረዳ ሞከርሁ። የሰማኝ የለም። ኋላ ተውሁትና ወደቡ ላይ ገባሁ። ከጎርጎራ የሚመጣውን ጀልባ ገመድ እቀበላለሁ፣ ጭነት አወርዳለሁ። ሸክም መቼም የትም አገር ሸክም ነው።

በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ጥምቀት ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ወደቡ ድረስ መጡ። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ባለቤታቸው እትዬ የሺመቤት ከፊት፣ እሳቸው ባንድ እጃቸው ትከሻዋን ይዘው፣ በሌላው እጃቸው በመቋሚያቸው መሬቱን እየነኩ ከኋላ።

እኚህ ሰው የዜማ መምህሬ ነበሩ። ልጅ ሆኜ ከእንፍራንዝ አኩፋዳ አንግቤ መጥቼ፣ በየደጁ እየለመንሁ ከእግራቸው ሥር ተቀምጫለሁ። አንድ ጧት በተማሪው ሁሉ ፊት አስቆሙኝና፣ «አንተ ልጅ፣ ከጉሮሮህ ትከሻህ ይሻላል» አሉኝ። ተማሪው ሳቀ። ሳምንት ሳይሞላ አኩፋዳዬን ጎጆው ውስጥ ጥዬ ሄድሁ። እውነትም ትከሻዬ ነው ያበላኝ፤ ነገር ግን እውነት የሆነ ስድብ ከሐሰቱ ይልቅ ያማል።

«አለበል ነህ?» አሉ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዙረው።

«ነኝ፣ የኔታ።»

«ባቡር ታውቃለህ አሉ። የሚፈጨውን አይደለም፤ የሚሄደውን።»

«እሱን የሚያውቅ እኔ ብቻ ነኝ። የሚያምነኝ ግን የለም።»

«ዛሬ የሚያምንህ መጥቷል» አሉ።

ነገሩን ያስረዳችኝ እትዬ የሺመቤት ናት። ልጃቸው አምሐ በምሥራቁ ጦርነት ቆስሎ ድሬዳዋ ሆስፒታል ተኝቷል። ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። የመኪናው መንገድ አያስተማምንም ብለዋቸዋል፤ ከአዲስ አበባ ወዲያ በባቡር ነው የሚኬደው። ቀበሌው የይለፍ ወረቀት ሰጥቷቸዋል። አውቶቡስ እስከ አዲስ አበባ ያደርሳቸዋል። ከዚያ በኋላ ለገሐር የሚባለውን ቦታ ማን ያሻግራቸው?

«እኔ ፊደል አላውቅ፣ እሳቸው አያዩ» አለች። «ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ነው ይላሉ። ብንጠፋስ? ባቡሩ ጥሎን ቢሄድስ? ልጄ እኔን ሳያይ አንድ ነገር ቢሆንስ?»

«ቃሉን እኔ እይዘዋለሁ፤ ዓይኑን እሷ ትሆናለች» አሉ መሪጌታ። «አንተ ብቻ ንገረን።»

«ጥምቀትስ፣ የኔታ? ያለ እርስዎ ማን ይመራል?»

«ታቦቱ መንገዱን ያውቃል። ልጄን ነው ማንም የማያውቀው አገር የጣልሁት።»

እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ነበረኝ። «ከጉሮሮህ ትከሻህ ይሻላል ያሉኝን ያስታውሳሉ?» አልኋቸው።

«ለስንቱ ስንት ነገር ብያለሁ። እውነት ከነበረ ብዬህ ይሆናል።»

ይኸው ነው። እኔ ሌሊት ሌሊት ስገለብጠው የኖርሁትን እሳቸው ረስተውታል። «የማውቀው ዱቄት ነው» ብዬ ልመልሳቸው ቃሉ ከአፌ ደርሶ ነበር። አምሐ ትዝ አለኝ። ወደ ጦሩ ሲሄድ ሻንጣውን መናኸሪያ ድረስ የተሸከምሁለት እኔ ነኝ፤ «ጋሽ አለበል፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎኝ ነው የተሳፈረ። ስለሱ ብዬ ተቀበልኋቸው።

ዓይነ ስውርን በአፍ ብቻ ጣቢያ ማሳየት አይቻልም። ስለዚህ ወደቡ ዳር፣ ደንገሉ ካለቀበት ደረቅ መሬት ላይ ለገሐርን ሠራሁት። የጀልባ ገመድ ዘርግቼ ግድግዳ አደረግሁ። በጆንያ የትኬት መስኮት፣ በድንጋይ በሮቹን ለየሁ። ሁለት ረዥም ግንድ ሃዲድ ሆነ። ከሃዲዱ ማዶ አሮጌ ታንኳ ገልብጬ አስተኛሁ፤ እሱ ፉርጎው ነው።

«ለገሐር ማለት ምን ማለት ነው?» አሉ መሪጌታ ገና ከመጀመራችን።

«የፈረንሳዮች ቃል ነው አሉ። ባቡር ጣቢያ ማለት ነው።»

«ታዲያ ‹ለገሐር ባቡር ጣቢያ› ስትል ‹ባቡር ጣቢያ ባቡር ጣቢያ› ማለትህ ነው። ቃል አታባክን።»

እንዲህ ናቸው። ተማሪ ሆነውም መምህር ናቸው። እኔ አንድ ሐረግ እላለሁ፣ እሳቸው ይደግማሉ፣ ከዚያ እትዬ የሺመቤት ትደግማለች። ስቸኩል «ሐረግ በሐረግ!» ብለው በመቋሚያቸው መሬቱን ይመታሉ።

«ከአውቶቡስ ስትወርዱ ‹ባቡር የት ነው› አትበሉ፤ ‹ለገሐር› በሉ» አልሁ። «ታክሲው አንበሳው ሐውልት ዘንድ ያወርዳችኋል። ‹ዕቃችሁን ልያዝ› እያለ የሚሮጥ ብዙ ነው። ኮፍያ ያላደረገና ቁጥር ያላንጠለጠለ እጁን እንዳያሳርፍበት። ሕንፃውን ፊት ለፊት ያዙ። ወደ መካከለኛው በር ግቡ፤ በግራ ያለው በር የጭነት ነው።»

«ወደ መካከለኛው በር ግቡ፤ በግራ ያለው በር የጭነት ነው» አሉ እየዘመሙ። የጣቢያ መንገድ በዜማ ሲባል የሰማሁ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

«አዳራሹ ውስጥ መግባትዎን በጆሮዎ ያውቁታል፣ የኔታ። ድምፅ ወደ ላይ ወጥቶ ዘግይቶ ይመለሳል።»

«እንደ ቅኔ ማኅሌቱ?»

«ከዚያም ይበልጣል።»

«ከቤተ ክርስቲያን ይበልጣል አልህ?»

«ስፋቱን ነው፣ የኔታ።»

«ስፋቱን በል እንግዲያ!»

ቀጥሎ ከጆንያው ኋላ ቆምሁና «እትዬ፣ እኔ ትኬት ቆራጩ ነኝ። ይምጡ ይጠይቁኝ» አልሁ።

ነጠላዋን አስተካክላ ጎንበስ አለች። «እንደምን አደሩ? ሰውነትዎ ደኅና ነው? ቤተሰቡ፣ ልጆቹ ሁሉ ደኅና ናቸው? አገሩ ሰላም ነው?...»

«ይበቃል! ይበቃል፣ እትዬ! ይህን ሁሉ እስኪሉ ከኋላ ያለው ሰው ገፍቶ ያልፍዎታል። ‹ድሬዳዋ፣ ሦስተኛ ማዕረግ፣ ሁለት ሰው›፤ ሌላ የለም።»

«እግዜር ይማርህ! ደኅና አደሩ ሳልለው? ከብት ነው?»

«እሱም አይልዎትም።»

«የማን ልጅ ቢሆን ነው?» አለችና ሳቀች። አምሐ ቆሰለ ከተባለ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

«እኔ ሦስተኛ ማዕረግ ነኝ?» አሉ መሪጌታ ከኋላ።

«እንጨት ወንበር ነው፣ የኔታ። አንደኛው ለባለሥልጣን ነው።»

«ባለሥልጣን ጠፋ ብለው አብዮት አደረጉ የለም እንዴ?» ሲሉ እትዬ የሺመቤት በክርኗ ጎሰመቻቸው።

ጎሰማዋ ቢዘገይ ኖሮ ጣጣ ነበረው። አንድ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አንግቶ መጥቶ ከገመዱ ማዶ ቆመ። ወጣት ነው፤ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የመጣ።

«ምን ስብሰባ ነው?»

«ስብሰባ አይደለም፣ ጓድ። ባቡር ጣቢያ ነው።»

«የት ያለ ባቡር ጣቢያ? የመንግሥት ጣቢያ ካርታ የምትሠራው በማን ፈቃድ ነው?»

«ልጃችን ለእናት አገሩ ቆስሎ ተኝቶ እሱን ልናይ ነው፣ ልጄ» አለች እትዬ የሺመቤት።

ወጣቱ አያት፣ መሪጌታንም አየ። «ዱቄቴ፣ ስትጨርስ ገመዱን አንሣ» ብሎ የድንጋይ በሩን በጫማው በትኖ ሄደ። በሩን መልሼ ሠራሁት።

ያን ቀን ፍተሻውን አሳለፍኋቸው፤ ሃዲዱን እንዴት እንደሚሻገሩ፣ በመጀመሪያው ፉጨት እንዳይደነግጡ፣ በሁለተኛው ግን አንድ እግራቸው ደረጃው ላይ መሆን እንዳለበት አስጠናኋቸው። በዚያኛው ወገን ፀሐይ ስለሚመታ በዚህኛው ተቀመጡ፣ ትኬቱን በነጠላ ጫፍ ቋጥሩት፣ ውሃ በኮዳ ያዙ፣ በመስኮት የሚሸጥ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ባቡሩ መቆሙን እዩ፣ እያልሁ። መሪጌታ አንዲት ቃል ሳያፋልሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃላቸው ወጡት። «ነገ አንድ ጊዜ እንከልሰውና ተነገ ወዲያ እንሄዳለን» አሉ።

ከሄዱ በኋላ ገመዱን ስጠቀልል አቶ አዘዘ መጣ። የእድራችን ዳኛ ነው፤ በደብሩም ጉዳይ ቃሉ ይሰማል።

«ዱቄቴ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መሪጌታን የት አደረስሃቸው?»

«ፉርጎው ላይ ወጥተዋል።»

አልሳቀም። ከአምሐ ጋር የነበረ ወታደር ፈቃድ አግኝቶ ትናንት መግባቱን፣ አምሐም ከቁስሉ ሳይነሣ ማረፉን፣ ቀብሩም እዚያው አገር መሆኑን ነገረኝ። ከጆንያው ላይ ተቀመጥሁ።

«መርዶው ከቃና ዘገሊላ ማግሥት ጧት ይነገራል» አለ። «ሽማግሎቹ ተስማምተናል። እስከዚያ መሄድ የለባቸውም። ባዕድ አገር፣ ሰው በሌለበት ቢሰሙት ማን ደግፎ ያነሣቸዋል?»

«ታዲያ አሁኑኑ ንገሯቸዋ።»

«በጥምቀት ዋዜማ? ደግሞ ያለ እሳቸው ጥምቀቱ ምን ጥምቀት ነው?»

ይህችን ሁለተኛዋን ቃል ያዝኋት። ለሰዎቹ አላዘኑም አልልም፤ አዝነዋል። ለበዓሉም ግን አስበዋል።

«ከእኔ ምን ትፈልጋላችሁ?»

«ማስተማር ነዋ! አልጨረስንም በላቸው። አንተ እንደሁ ስለ ባቡር ከጀመርህ ማቆሚያ የለህም።»

ስንት ዓመት ሙሉ «አቁም፣ ዱቄቴ» ያሉኝ ሰዎች አሁን አታቁም አሉኝ።

በማግሥቱ ሲመጡ ገመዱን አስረዝሜ ጠበቅኋቸው። «ትናንት ያሳየኋችሁ የፊቱን ነው፤ ዛሬ የጓሮውን ነው» አልሁ። የዕቃ መመዘኛውን፣ የአንደኛ ማዕረግ መቆያውን፣ ባቡር የሚጠገንበትን ግቢ፣ የጣቢያው አለቃ ቢሮ የሚወጣበትን ደረጃ ሁሉ አወረድሁት። የጠፋ ዕቃ የሚጠየቅበትን መስኮት ሳይቀር ሠራሁ። ሁሉም እውነት ነው፤ አንድም ነገር አልፈጠርሁም። ነገር ግን ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ሽማግሌ ባቡር በሚጠገንበት ግቢ ምን ሥራ አለው?

እትዬ የሺመቤት ሁሉንም እሺ ብላ ተቀበለች። እንዲያውም የምትደሰት ይመስለኝ ነበር። «ይህን ሁሉ ሳናውቅ ሄደን ቢሆን ኖሮ!» ትላለች። መንገደኛው ቆሞ ያየናል። ዓሣ አጥማጆቹ ከታንኳቸው ላይ «ዱቄቴ፣ ባቡርህ ውሃ ገባ!» እያሉ ይጮኻሉ። እሷ «እናንተ ምን ታውቃላችሁ!» ብላ ትመልስልኛለች። ስለ እኔ ሰው አፍ የከፈተልኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እኔም ፊቷን ማየት ያቃተኝ ያን ጊዜ ነው።

«እንግዲህ ነገ እንሂድ» አለች።

«ነገ ከተራ ነው፣ እትዬ። አውቶቡሱም ይሞላል። ደግሞ ሃዲድ መሻገሩን ገና በደንብ አላጠናችሁም» አልሁ። መሪጌታ በመቋሚያቸው የድንጋይ በሮቹን አንድ በአንድ ነኩ።

የከተራ ዕለት ጧት እትዬ የሺመቤት የበዓሉን ነጠላ ልታጥብ ወደ ውሃው ዳር ወረደች። መሪጌታ በተገለበጠው ታንኳ ላይ ተቀምጠው ቀሩ። ውሃው ላይ ሁለት ይብራዎች ይዋኙ ነበር፤ እሳቸውን ላለማየት እነሱን አያለሁ።

«አለበል።»

«አቤት፣ የኔታ።»

«መጀመሪያ ቀን በሩ ሁለት ነበር። አሁን አምስት ደረሰ።»

«ትልቅ ጣቢያ ነው፣ የኔታ።»

«ይሁን። አንድ ነገር ልንገርህ። ጉባኤ ዘርግቼ ሳስተምር፣ የአንዱ ተማሪ እናት ወይ አባት ያረፈ እንደሆነ መልእክተኛው የሚመጣው መጀመሪያ ወደ እኔ ነው። እኔም የአገሩ ሰዎች መጥተው እስኪያረዱት ድረስ ልጁ ከጎጆው እንዳይርቅ ቀለም አበዛበታለሁ። ያልደረሰበትን ምዕራፍ እሰጠዋለሁ። ልጁ መምህሩ የወደደው ይመስለዋል።»

የገመዱን ጫፍ መፍታትና መቋጠር ጀመርሁ።

«አንተም ከትናንት ጀምረህ ቀለም እያበዛህብኝ ነው።»

ከውሃው ዳር የነጠላው መመታት ጧ ጧ እያለ ይሰማል።

«መቼ ነው?» አሉ።

«እኔ መቼ እንደሆነ አላውቅም፣ የኔታ።»

ያመለጠኝ ያን ጊዜ ነው። «ምኑ?» ማለት ነበረብኝ። ምኑ ሳልል መቼ እንደሆነ አላውቅም አልሁ።

መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባራቸውን አስደገፉበት። ይጮኻሉ ብዬ ነበር፤ ትንፋሻቸው ብቻ ነው የተሰማኝ። ቆይተው ቀና አሉ።

«እሷ የት ናት?»

«እያጠበች ነው።»

«ሰምታናለች?»

«አልሰማችም።»

«እንዳትነግራት። ይህችን ጥምቀት ልጅ እንዳላት እናት ሆና ትዋልባት። ሽማግሎቹ የቆረጡት ቀን አለ?»

«ከቃና ማግሥት ጧት ነው።»

«እንግዲያ እስከዚያ አስተምራት። እኔም እማራለሁ።»

«የኔታ፣ እኔ ይህን መሸከም አልችልም።»

«ትችላለህ» አሉ። እንደ ድሮው ሊሰድቡኝ ይሁን ሊያጽናኑኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እትዬ የሺመቤት የተጨመቀውን ነጠላ በክንዷ ይዛ መጣች። «የት ደረሳችሁ?» አለች።

«አዋሽ» አሉ መሪጌታ። «ገና አዋሽ ነን።»

እሷም ታንኳው ላይ ከጎናቸው ተቀመጠች። «ከአዋሽስ ወዲያ?» አለችኝ።

ከአዋሽ ወዲያ የማውቀው በወሬ ነው። እንዲያውም ከአዋሽ ወዲህም ያለውን አላየሁትም። የለገሐር ተሸካሚ ሥራው ፉርጎው በር ላይ ያበቃል፤ የሰው ሻንጣ አስገብቶ ይወርዳል፣ ባቡሩ ይሄዳል። በዚያ ሁሉ ዘመን «ና አንተም አንድ ቀን ተሳፈር» ያለኝ የለም። ይህን ነገርኋት።

«ምስኪን» አለች። «እኛ አይተን እንነግርሃለን። ደርሰን ስንወርድስ፣ የሚቀበለን ሰው ይኖር ይሆን?»

እኔ መሪጌታን አየሁ።

«ሰው አይጠፋም» አሉ። «ሰው ባለበት አገር ሰው አይጠፋም።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ወደ ውሃው ወረዱ። መሪጌታ በካህናቱ መካከል ሆነው መሩ። እኔ ከሕዝቡ ኋላ ኋላ ሄድሁ። ጉሮሮ የለህም የተባልሁ ሰው ነኝ፤ ጉሮሮ ምን እንደሆነ ግን አውቃለሁ። ድምፃቸው አልተሰበረም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ መቋሚያው ወደ ላይ ተነሥቶ መውረድ ሲገባው እሳቸው አቆዩት፤ ካህናቱ ሁሉ አብረዋቸው አቆዩ፤ ከዚያ ወረደ። ሕዝቡ አዲስ ወረብ መስሎት እልል አለ። እትዬ የሺመቤት በታጠበው ነጠላዋ አጊጣ ከሁሉም በላይ እልል ትል ነበር።

ከቃና ማግሥት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ሽማግሎቹ ግሽ አባይ ሰፈር ካለው የመሪጌታ ቤት ደጃፍ ተሰበሰቡ። ና ያለኝ የለም፤ ሄጄ ከአጥሩ ሥር ቆምሁ። አቶ አዘዘ ከፊት ነበር። በሩ ሲከፈት እትዬ የሺመቤት ሰዎቹን አየች፣ ቁጥራቸውን አየች፣ ሌላ ነገር የሚነግራት አላስፈለጋትም። ጩኸቷን አልጽፈውም።

ደረቷን እየደቃች፣ ሴቶቹ ይዘዋት ሳለ፣ ከአጥሩ ሥር አየችኝ።

«አንተ! ታውቅ ነበር?»

ወደ እሷ አንድ እርምጃ ሄድሁ።

«ታውቅ ነበር ወይ? ልጄ አፈር ገብቶ ሳለ ከጆንያ ኋላ ቆመህ ‹ትኬት ቆራጩ ነኝ› እያልህ ታጫውተኝ ነበር? ልጄ ሞቶ እልል አስባልኸኝ? ምን በድዬህ ነው? አንድ ቀን ዱቄቴ ብዬህ አውቃለሁ?»

እውነቷን ነው፤ አንድ ቀን ብላኝ አታውቅም። ትኬት ቆራጩን የተጫወትሁት ገና ሳልሰማ እንደነበር ልነግራት አማረኝ፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ያደረግሁትን ግን ያ አያነጻውም። ሽማግሎቹን አየሁ። አቶ አዘዘ ነጠላውን ወዲህና ወዲያ ያጣፋል። አንዱ መሬት ያያል፣ ሌላው ጉሮሮውን ይጠርጋል። «እኛ ነን ያዘዝነው» ያለ አንድ ሰው የለም። መሪጌታም በሩ መቃን ሥር ተቀምጠዋል። እሳቸውም ዝም።

አንድ ቃል ብናገር ይበቃኝ ነበር። «ባልሽም ያውቁ ነበር» ብል ኖሮ እኔን ትታ ወደ እሳቸው ትዞር ነበር። አልተናገርሁም። ደግ ሆኜ አይደለም፤ ደግነት እኔን አያውቀኝም። ነገር ግን ልጇን ያጣች ሴት ባሏን ደግሞ ብታጣ ማን ይቀራታል? እኔን ብትጠላ የሚጎድልባት ነገር የለም። ይህን አሁን የምጽፈው ሁለቱም ካለፉ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲያ ወደቡ አጠገብ ስታልፍ ፊቷን ወደ ሐይቁ ታዞራለች። አገሩም የራሱን ጨመረበት። «መርዶ የደበቀው ባቡር» ተባልሁ። አቶ አዘዘ ራሱ ጠላ ቤት ሲያወራው የሰማ ሰው ነግሮኛል።

የአምሐ አርባ ወጣ። መቃብሩን ሳናይ አንቀርም ብለው ሊሄዱ ነው ሲባል ሰማሁ። በሄዱበት ጧት መናኸሪያው ላይ ነበርሁ፤ ላሰናብታቸው ብዬ አይደለም፣ የሰው ጭነት ይዤ ነው። እትዬ የሺመቤት ራሷን ተላጭታ፣ ጥቁር ለብሳ፣ ጥቅልሏን ታቅፋ አውቶቡሱ አጠገብ ቆማለች። መሪጌታ ትከሻዋን ይዘዋል። ጭነቱን ጣሪያ ላይ የሚያወጣው ሰው ጥቅልሉን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ፤ አልሰጠችውም።

«አለበል» አለች ፊቷን ሳታዞር።

«አቤት፣ እትዬ።»

«አንድ ያላስተማርኸን አለ። ወታደር ሞቶ የት እንደተቀበረ የሚጠየቀው በየትኛው መስኮት ነው?»

ያስተማርኋቸውን መስኮት ሁሉ ባሳቤ ዞርሁት። የትኬቱ አለ፣ የጭነቱ አለ፣ የጠፋ ዕቃ እንኳ መስኮት አለው።

«ለሱ መስኮት የለውም» አልሁ። «ድሬዳዋን አላየኋትም፤ ተሸካሚን ግን አውቃለሁ። ስትወርዱ ወደ መስኮቶቹ አትሂዱ። ከበሩ ውጭ ገመድ ትከሻቸው ላይ ጥለው የቆሙ ሰዎች ይኖራሉ። በጦርነቱ ጊዜ ቁስለኛም ሬሳም ሲወርድና ሲጫን የሚጠሩት እነሱ ናቸው። ወዴት እንደተወሰደ የሚያውቅ ከነሱ አይጠፋም። የሚጠይቃቸው ስለሌለ ነው የማይናገሩት።»

መሪጌታ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ሐረግ በሐረግ እየያዙት ነበር።

እትዬ የሺመቤት ጥቅልሉን ለእኔ ሰጠችኝ። ጣሪያው ላይ ወጥቼ፣ መንገድ እንዳይጥለው በሁለት ገመድ አጠበቅሁት። ስወርድ እነሱ ተሳፍረው የአውቶቡሱ በር ተዘግቷል።